ሥራችሁ በሄደበት ፈቃዱም አብሮት ይሂድ፦ የነፃ ፈቃድ ምልክት አሠራር

ወሎ ውስጥ ጥሩ ነገር አንድ ቦታ አይቀመጥም። አንድ ልጅ አምባሰልን በክራር ተጫውቶ ይቀዳል። ቅጂው ደሴ ፒያሳ ካለ ሱቅ በፍላሽ ተጭኖ ይወጣና ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ወልድያ ይደርሳል። በጠዋት የተነሳ የሐይቅ ፎቶም እንደዚሁ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ግን ማን እንደሠራው አይታወቅም። ባለቤቱ ምን እንደፈቀደም አይታወቅም። አንዱ ጉዳይ ያመጣብኛል ብሎ ይተወዋል። ሌላው የራሱን ስም ይለጥፍበታል።

ይህ መመሪያ ሥራቸውን ወደውና ፈቅደው ለሕዝብ ለሚለቁ ነው፤ ለሙዚቀኞች፣ ለፎቶ አንሺዎች፣ ለጸሐፊዎች፣ የአያቶቻቸውን ተረትና መንዙማ እየቀዱ ለሚያስቀምጡ ልጆች። የምንሠራው ትንሽ ምልክት ነው። ጽሑፉ ቢቆረጥ፣ ምስሉ ቢያንስ፣ ወረቀቱ ደጋግሞ ፎቶኮፒ ቢደረግ እንኳ «ይህ ሥራ ተፈቅዷል፣ በዚህ መንገድ ተጠቀሙበት» የሚል ምልክት። ስትሠሩት ስክሪናችሁ ላይ ማማሩን ብቻ አትዩ። የሚሄድበትን መንገድ አስቡ።

1. መጀመሪያ ፈቃዱን ቁረጡ

ብዙ ሰው ኮምፒውተር ከፍቶ ክብ መሳል ይጀምራል። ክቡ ይቆይ። ምልክቱ የሚናገረው ነገር ካልተወሰነ ምልክቱ ባዶ ነው።

የራሳችሁን ፈቃድ ከባዶ አትጻፉ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች በ2002 አወጣ። አሁን በሥራ ላይ ያለው 4.0 የተባለው እትም በ2013 የወጣ ነው። ስድስት ፈቃዶች አሉት። ሁሉም ግን እኩል ነፃ አይደሉም። «ሲሲ ባይ» (CC BY፤ ሲሲ የድርጅቱ ስም ምኅፃር ነው) ስሜን ጥቀሱ እንጂ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙ ይላል። «ሲሲ ባይ ኤስኤ» (CC BY-SA) ደግሞ ለውጣችሁ ካወጣችሁት እናንተም በዚሁ ፈቃድ ልቀቁት ብሎ ይጨምራል። «ለንግድ አይሆንም» ወይም «መቀየር አይቻልም» የሚል ቃል ያለባቸው አራቱ፣ ነፃ ሥራ ለመባል የሚያስፈልገውን መስፈርት አያሟሉም። ለምሳሌ የነፃ ምስልና ድምፅ ማከማቻ የሆነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ አይቀበላቸውም። መብታችሁን ሙሉ በሙሉ መተው ከፈለጋችሁ «ሲሲ ዜሮ» (CC0) አለ።

የኔን ምክር ከጠየቃችሁኝ ለፎቶና ለሙዚቃ «ሲሲ ባይ» ይበቃል። ሥራው ወደፊት ተለውጦ ሲወጣም እንዳይቆለፍ ከፈለጋችሁ «ሲሲ ባይ ኤስኤ»ን ያዙ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። መንዙማውን ያዜሙት አባት፣ ማሲንቆውን የመታው ሰው የራሳቸው መብት አላቸው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ለከዋኞችም 50 ዓመት ሰጥቷል። ስለዚህ ቀጂው እናንተ ብትሆኑም ብቻችሁን ፈቃጅ አይደላችሁም። ሳትቀዱ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። «አባቴ፣ ይህን ቅጂ ማንም ሰው ሊያባዛው፣ ሊሸጠውም ይችላል፤ ስምዎ ግን አይቀርም፤ ይፈቅዳሉ?» በሏቸው። ካልፈቀዱ ለቤተሰብ ይቀመጥ፣ ምልክት አይደረግበት። ፈቃደኛ ከሆኑ መልሳቸውን በድምፅ ቅዱት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

2. ያለውን ምልክት አትንኩ

ክሪኤቲቭ ኮመንስ የራሱ አይኮኖች አሉት። በክብ ውስጥ ያሉት ሁለት የላቲን ሲዎች ዋናው ምልክት ናቸው። የቆመ ሰው «ስም ጥቀስ» ማለት ነው። ክብ ሠርቶ የሚዞር ቀስት «በዚሁ ፈቃድ አጋራ» ነው። የእኩል ይሆናል ምልክቱ «አትቀይር»፣ የተሰረዘው ዶላር «ለንግድ አይደለም» ይላሉ። ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ቋሚ ስብስቡ ያስገባቸው ሥራዎች ናቸው። አንድ ሕፃን በእርሳስ ሊስላቸው ይችላል። ጥሩነታቸውም እዚያ ላይ ነው።

እነዚህን አትለጥጧቸው፣ አታስጊጧቸው፣ በጥለት አትክበቧቸው። ዶላሩን አውጥታችሁ ብር አታስገቡ። የንግድ ምልክቶች ናቸው፤ ድርጅቱ ቅርጻቸው እንዲነካ አይፈቅድም። ከሕጉም በላይ ሌላ ምክንያት አለ። ምልክት የሚሠራው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሲያየው ነው።

ታዲያ እናንተ የምትሠሩት ምኑን ነው? የስብስባችሁን ምልክት። «ይህ ቅጂ ከእኛ ማኅደር የወጣ ነው፤ እዚህ ያለው ሁሉ በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ነው» የሚለውን። እሱ ከሲሲው ጎን ይቆማል እንጂ አይተካውም። ሌሎችም እንዲህ አድርገዋል። የክፍት ሃርድዌር ሰዎች (የመሣሪያ ንድፋቸውን ለሁሉም የሚለቁት) ከሥር የተከፈተ ጥርስ ያለው ጎማ አላቸው። ክፍት የትምህርት መርጃዎችም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የራሳቸው ዓለም አቀፍ ሎጎ አላቸው።

3. ሐሳቡን ምረጡ

ወሎ የሐሳብ ችግር የለበትም። ችግሩ መብዛቱ ነው። ጦሳ ተራራ አለ፣ የሐይቅ ውሃ አለ፣ የባቲ ገበያ አለ፣ ላሊበላ አለ፣ አራቱ ቅኝቶች አሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁሉንም አንድ ክብ ውስጥ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ባነር ይሠራል እንጂ አይኮን አይሠራም። አንድ ነገር ያዙ።

ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከስብስባችሁ ጋር ይገናኛል? በጥቁር ጥላ ብቻ ቢሳል ይለያል? ሁሉም ሰው የኔ ይለዋል? ሦስተኛው ጥያቄ ለኛ አገር ከባድ ነው። መንዙማውንም መዝሙሩንም፣ የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም ዘፈን የምታኖሩበት ማኅደር ከሆነ መስቀል ብቻ ወይም ጨረቃና ኮከብ ብቻ አይሆንም። ላሊበላም ለቱሪዝም ፖስተር ደግ ነው፤ ሁሉም ስለሚጠቀምበት ግን እናንተን አይለያችሁም። ባንዲራና የመንግሥት አርማም አታስገቡ።

እኔ ለድምፅ ማኅደር ማሲንቆን እመርጣለሁ። ሠርግ ቤቱም ገበያውም ያውቀዋል። ቅርጹም ለአይኮን የተፈጠረ ይመስላል፦ አንድ ዳይመንድ፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ ጭራ።

4. በካሬ ወረቀት ላይ ሳሉት

ኮምፒውተሩ አሁንም ይቆይ። የሒሳብ ደብተር አምጡ። 64 በ64 ካሬ ቆጥራችሁ ክፈፍ ሥሩ። ወረቀቱ ካልበቃ አያይዙት።

ለምን 64? ምልክቱ በትንሹ የሚታይበት መጠን 16 በ16 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው እንበል፤ የብራውዘር ትር ላይ የሚወጣው ዓይነት። 64 ወደ 16 ሲወርድ በአንድ ጎን አራት ካሬ አንድ ፒክስል ይሆናል። ስለዚህ ከአራት ካሬ የቀጠነ መስመርም ክፍተትም አትሳሉ። ከዚያ ያነሰው ይጠፋል ወይም ግራጫ ጭጋግ ይሆናል።

አሁን ማሲንቆውን አብረን እንሥራው። ከጫፍ ሁለት ሁለት ካሬ ትታችሁ ክብ ሳሉ። የክቡ ውፍረት 5 ካሬ ይሁን። ውስጡ ከላይ እስከ ታች 50 ካሬ ይተርፋል። ከላይና ከታች 5፣ 5 ለአየር ተዉ። 40 ይቀራል። የታችኛውን 24 ለማሲንቆው ሳጥን ስጡት፤ በጫፉ የቆመ ጥቁር ዳይመንድ፣ ወርዱም 24። የላይኛው 16 የአንገቱ ነው፤ 5 ካሬ የወፈረ ቀጥ ያለ ዘንግ።

እዚህ ላይ ብታቆሙ የመንገድ ምልክት ይመስላል። ማሲንቆ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መቃኛው ነው፤ ከአንገቱ ጫፍ 4 ካሬ ወረድ ብላችሁ 12 ካሬ የረዘመ፣ 4 የወፈረ አግዳሚ ሳሉ። ሁለተኛው ጭራው ነው። ጥቁር ዳይመንዱን መሀሉን ከላይ እስከ ታች በ4 ካሬ ነጭ መስመር ክፈሉት። ጥቁሩ አንገት ሲያልቅ ነጩ ጭራ ይቀጥላል። ዓይን ሁለቱን አንድ መስመር አድርጎ ያያቸዋል። ደጋኑን ተዉት። ደጋን ያምራል፤ ግን ሲያንስ ከጭራው ጋር ተደባልቆ ሁሉንም ያበላሻል።

ነፃነቱን በምን እናሳይ? ክቡን በመክፈት። ያልተዘጋ ክብ ያልተቆለፈ ሥራ ነው። ግን የት ይከፈት? በቀኝ ከከፈታችሁት ክቡ የላቲን ሲ ይሆንና የቅጅ መብት ምልክት ይመስላል፤ የምትሉትን ተቃራኒ ይናገራል። ከላይ አንገቱ ጋ ከከፈታችሁት ሲያንስ የስልክና የቴሌቪዥን ማጥፊያ ቁልፍ ይሆናል። ከግራ በታች በኩል ክፈቱት፤ ክፍተቱ 12 ካሬ ይሁን። ያኔ ከሁለቱም ጋር አይምታታም።

በዚህ ሥራ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት እዚህ ነው። አንድ ካሬ ወዲህና ወዲያ ማለት ምልክቱን ይለውጠዋል። አምስት ስድስት ዓይነት ሳሉና ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ አሳድሯቸው።

5. ወደ ኮምፒውተር

ኢንክስኬፕ የተባለውን የስዕል ፕሮግራም ተጠቀሙ። በነፃ ይወርዳል፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሄዳል። ፎቶሾፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፎቶሾፕ በዋናነት ከፒክስል ጋር ነው የሚሠራው፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ቢያድግም ቢያንስም የማይደበዝዝ ቬክተር ነው።

የዶክመንት መጠኑን 64 በ64 ፒክስል አድርጉ። ግሪዱን አብሩና በየአንድ ፒክስሉ አስይዙት። ደብተሩ ላይ ያለውን እዚያው በቁጥሩ አስገቡ፤ በእጅ አትገምቱ። ሲያልቅ መስመሮቹን በሙሉ ወደ ቅርጽ ለውጡ፤ በ«ፓዝ» ሜኑ ውስጥ «ስትሮክ ቱ ፓዝ» የሚለው ነው። ይህን ካላደረጋችሁ ምልክቱን ስታሳንሱ የመስመሩ ውፍረት እንዳለ ሊቀርና ማሲንቆው ሊድቦለቦል ይችላል።

ቀለሙ ጥቁር ብቻ ይሁን። ጥቁርና ነጭ ላይ ያልሠራ ምልክትን ቀለም አያድነውም። በኋላ አንድ ቀለም ብትጨምሩ ይቻላል። ሼድ፣ ጥላ፣ ወርቃማ ማንጸባረቂያ ግን አይሁን። ፎቶኮፒ ቤት ሲደርስ የቀለም ነጠብጣብ ነው የሚሆነው።

6. ፊደል ካስገባችሁ

ከምልክቱ ጎን «ነፃ ሥራ» ወይም የማኅደራችሁን ስም መጻፍ ጥሩ ነው። አይኮኑ ውስጥ ግን ፊደል ባታስገቡ ይሻላል። የኛ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ ነገር ላይ ነው። ኒ እና ኔ የሚለዩት እግራቸው ሥር ባለች ሰረዝና ቀለበት ብቻ ነው። 16 ፒክስል ላይ አንድ ይሆናሉ። የግድ ካላችሁ እንደ «መ» ወይም «ወ» ያለ ቅጥያ የሌለው ግዕዝ ፊደል ምረጡና ራሳችሁ በካሬው ላይ ሳሉት።

ለጽሑፉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አለ። ሁለቱም በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ሎጎ ላይ ለመጠቀም የማንንም ፈቃድ አትጠይቁም። ነፃ ሥራን በተሰረቀ ፎንት ማስታወቅ ደግሞ አያምርም።

ሳትረሱ ጽሑፉንም ወደ ቅርጽ ለውጡት፤ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» ነው። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ፓወር ግዕዝ ነው የሚጠቀሙት። የእናንተ ፎንት እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ስማችሁ በሌላ ፎንት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ሊታረም የሚችለውን ኮፒ ለብቻው አስቀምጡ። ቅርጽ ከሆነ በኋላ ፊደሉን ማረም አይቻልም።

7. ፈትኑት

ምልክቱን በአንድ ሳንቲም ሜትር አትሙ። ፎቶኮፒ አድርጉ። ፎቶኮፒውን እንደገና ፎቶኮፒ አድርጉ። ሦስተኛው ላይ ጭራው ከተዘጋ ነጩን መስመር አስፉ።

ስልክ ላይ ላኩትና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ቴሌግራሙን ጨለማ ገጽታ ላይ አድርጉና እንደገና እዩ። ጀርባው ባዶ የሆነ ጥቁር ምልክት እዚያ ላይ ጨርሶ አይታይም። ከሥሩ ነጭ ክብ ያለው ሌላ ቅጂ ያስፈልጋችኋል።

ቀጥሎ ስለጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው ፈልጉ። ቡና ላይ እትዬን፣ ሱቅ ያለውን ልጅ፣ ጎረቤት ያሉትን አያ። «ማሲንቆ ይመስላል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይይዛቸውና አዎ ይሏችኋል። «ይሄ ምንድን ነው?» በሉ። ዝም ብላችሁ ስሙ። ሦስት ሰው ካይት ነው ካለ ካይት ነው፤ ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

8. ፋይሎቹን አዘጋጁ

አንድ ፎልደር ውስጥ እነዚህን አስቀምጡ፦ ዋናውን በኤስቪጂ (የቬክተር ፋይል ነው)፣ ለሕትመት ፒዲኤፍ፣ ለስክሪን በ16፣ 32፣ 64 እና 512 ፒክስል ፒኤንጂ፣ እያንዳንዱ ጥቁርና ነጭ። በጄፔግ አታውጡ፤ ጠርዙን ያቆሽሸዋል፣ ጀርባውንም ባዶ አድርጎ አያስቀምጥም። ሁሉም ተደምሮ በጣም ትንሽ ነው፤ ኔትወርክ በደከመበት ቀንም ይላካል።

የሲሲ ምልክቶች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ውስጥ እንደ ፊደል ገብተዋል። ቢሆንም ፊደሉን አትመኑ። ብዙ ስልክ ላይ ያለው ፎንት ስለማያውቃቸው ሳጥን ያሳያል። ምስሉን ተጠቀሙ።

9. ሥራው ላይ አድርጉት

ምልክት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። በአጠገቡ አራት ነገር ይጻፍ፦ የሥራው ርዕስ፣ የሠሪው ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ የፈቃዱ ስም ከነቁጥሩና ከነገጹ አድራሻ። እንዲህ፦ «ማለዳ በሐይቅ፤ ፎቶ፦ ስማችሁ፤ ከማኅደራችሁ ገጽ፤ በሲሲ ባይ 4.0 ፈቃድ የተለቀቀ»።

ፎቶ ላይ ምልክቱን መሀል ላይ አታሳርፉ። ሰው እንዲጠቀምበት ፈቅዳችሁ እንዳይጠቀምበት ማድረግ ነው። ከሥሩ ቀጭን ነጭ ጠርዝ ጨምሩና እዚያ ላይ ይሁን። መረጃውን ፋይሉ ውስጥም አስገቡት። ልብ በሉ፤ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መጠኑን ሲቀንስ ውስጡ ያለውን መረጃ ያወጣዋል። እንደ ፋይል ላኩት።

ድምፅ ደግሞ ዓይን የለውም። ለእያንዳንዱ ቅጂ ባለአራት ማዕዘን ሽፋን ሥሩና ምልክቱን ጥግ ላይ አድርጉ፤ ከሽፋኑ ወርድ ሩብ ያህል ይያዝ። ከዚያ ካነሰ በስልክ ማጫወቻ ላይ አይታይም። የፋይሉ ስም ላይም የተጫዋቹንና የፈቃዱን ስም ጻፉ። ፍላሽ የሚጭነው ልጅ ሽፋኑን ባያየው ስሙን ያያል። በቅጂው መጨረሻ ላይ አጭር የድምፅ መግለጫ መጨመርም ይሠራል፤ «የተጫወተው እገሌ ነው፣ ስሙን እየጠቀሳችሁ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት» የሚል። ለመንዙማ ግን ያዜመውን ሰው ሳትጠይቁ ከዜማው ጋር አታያይዙት፤ ከፋይሉ ተለይቶ ይቀመጥ።

የብራና መጻሕፍት ፎቶ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ጽሑፉ የቅጅ መብት ዘመኑ ካለፈ የሲሲ ባይ ምልክት አታድርጉበት፤ የናንተ ያልሆነውን ፈቃጅ መሆን ነው። ለእንዲህ ያለው ክሪኤቲቭ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የሕዝብ ሀብት ምልክት አለ። የገዳሙ ወይም የመስጊዱ ይሁንታ ግን ከሕጉ ውጭም ቢሆን ያስፈልጋል።

10. የምልክቱ የራሱ ደንብ

ሰው ሁሉ ምልክቱን እንዲገለብጠው ትፈልጋላችሁ። ግን ያልተፈቀደ ሥራ ላይ የሚለጥፈውም ይመጣል። ስለዚህ ስዕሉን በሲሲ ዜሮ ልቀቁት፤ አጠቃቀሙን ግን በአንድ ገጽ ጻፉ። ገጹ ሁለት ነገር ይበል፦ ምልክቱ በሲሲ ባይ፣ በሲሲ ባይ ኤስኤ ወይም በሲሲ ዜሮ የተለቀቀ ሥራ ላይ ብቻ ይደረጋል፤ የሲሲው ምልክት ሁልጊዜ ከጎኑ ይኖራል። ሲሲ ዜሮ የቅጅ መብታችሁን ቢተውም የንግድ ምልክት መብትን አይነካም። ማኅደሩ ካደገ ስሙንና ሎጎውን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ትችላላችሁ።

ደንቡን ከምልክቶቹ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ አስገቡና በዚፕ ጠቅልላችሁ ላኩት። ኤስቪጂውን ብቻ የሚልክ ሰው ደንቡን ይረሳል፤ ስለዚህ ለየብቻ አትስጡ።